የዛፍ ጥላና የከተማ ሙቀት

አባታችን አብርሃም ሦስቱን እንግዶች የተቀበለበት ሰዓት ቀትር እንደ ነበረ ኦሪት ዘፍጥረት በዐሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ ይነግረናል። ሊቃውንት ከዚህ ታሪክ የሥላሴን ምሥጢርና የእንግዳ መቀበልን በጎነት ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ያም ትምህርት የተገባ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው በዚያው ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈውን አንድ ነገር ነው። ይኸውም አብርሃም ለእንግዶቹ የእግር መታጠቢያ ውኃ ካዘዘ በኋላ ዕረፍታቸውንም ማዕዳቸውንም ያዘጋጀው በድንኳኑ ውስጥ ሳይሆን በዛፉ ሥር መሆኑ ነው። በበረሓ የኖረ ሰው ምክንያቱን አያጣውም፤ ድንኳን በቀትር ፀሐይ ይግላል፥ የዛፍ ሥር ግን ይቀዘቅዛል። ያው አባት ኋላ በቤርሳቤሕ ሳለ ዛፍ እንደ ተከለ ሃያ አንደኛው ምዕራፍ ይመሰክራል፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ከመቶ ዓመት አልፎ ነበር።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ ይህን ያነሣነው በየከተማችን የሚኖረው ሕዝብ ዛሬ ከአብርሃም ድንኳን የባሰ ሙቀት በሚይዝ ቤት ውስጥ ስለሚኖር ነው። ግድግዳው ብሎኬት፥ ጣራው ቆርቆሮ፥ ደጃፉ ሲሚንቶ፥ መንገዱ አስፋልት ሆኖአል። በጠባቡ ሰፈር ውስጥ ሕፃን ያዘለች እናት ከቀትር በኋላ የምትጠጋበት ጥላ አታገኝም፤ ያረጀና የታመመ ሰውም በቆርቆሮ ሥር ተኝቶ ሲያልበው ይውላል። ይህን መከራ የሰፈሩ ሕዝብ በአንድነት ዛፍ በመትከል ሊያቀልለው ይችላልን? የሚችልስ ከሆነ፥ በየዓመቱ የሚተከለው ችግኝ በየዓመቱ የሚደርቀው ስለ ምንድር ነው? በዚህ ነገር የምናውቀውን እንናገራለን፤ የራሳችንንም ጥፋት አንሸሽግም።

ከተማ ከገጠር ይልቅ እንደሚሞቅ በልኬት መርምሮ አስቀድሞ የጻፈው ሉክ ሃዋርድ የሚባል የእንግሊዝ ሰው ነው። ሥራው መድኃኒት መቀመም ነበር፤ ነገር ግን ሰማይን መመልከት የሚወድ ሰው ስለ ነበረ፥ የአየር ጠባይ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ደመናን የሚለዩባቸውን ስሞች ያወጣው እርሱ ነው። ስለ ለንደን አየር ጠባይ የጻፈውን መጽሐፍ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1818 እስከ 1820 አሳተመ። በዚያም ውስጥ ሌሊት ሌሊት የከተማው አየር ከገጠሩ አየር ወደ ሁለት ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሆን ብልጫ እንዳለው አሳየ። እንግዲህ ልብ እናድርግ፤ በዚያን ጊዜ በለንደን መንገድ አስፋልትም አውቶሞቢልም አልነበረም።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ድንጋይና ሲሚንቶ፥ አስፋልትም፥ ቀን የፀሐይን ትኩሳት ጠጥተው ሌሊት ይመልሱታል፤ ምጣድ እሳቱ ከሥሩ ከወጣ በኋላም እንደሚግል ማለት ነው። ቆርቆሮ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ቶሎ ይግላል፥ ቶሎም ይበርዳል፤ ስለዚህ ከሥሩ ያለውን ድኻ ቀን ያቃጥለዋል፥ ሌሊት ያንቀጠቅጠዋል። በገጠር የወረደው ዝናብ ወደ ዐፈሩ ገብቶ ቀስ እያለ በተን ይወጣል፤ በከተማ ግን በቦይ ተጠርጎ ይሄዳል። ፀሐይ ያንን ውኃ በማትነን ታጠፋው የነበረው ኀይል ሁሉ እንግዲህ ድንጋዩን ለማጋል ይተርፋል። በዚህ ላይ የመኪናው ሞተርና የየቤቱ ምድጃ፥ ነፋሱን የሚከለክለውም ፎቅ ይጨመራል።

ዛፍ ይህን የሚቃወምበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ጥላው ነው፤ ይህን ማንም ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን በዓይን አይታይምና በምሳሌ እንግለጸው። እናቶቻችን የመጠጥ ውኃን በሸክላ ገንቦ የሚያኖሩት ስለ ምንድር ነው? ሸክላው በውጭ በኩል ያልበዋል፤ ላቡም ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፥ በውስጡ የቀረው ውኃ ይቀዘቅዛል። በቆላ መንገድ የሚሄዱ ሾፌሮች የውኃ ዕቃቸውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ከመኪናው ውጭ የሚያንጠለጥሉትም ስለዚሁ ነው። ዛፍ ከመሬት በሥሩ የሳበውን ውኃ በቅጠሉ በኩል እንዲሁ ያተንነዋል። አንድ ሊትር ውኃ ለማትነን የሚያስፈልገው ሙቀት፥ ያንኑ ውኃ ከበረዶ ቅዝቃዜ አንሥቶ እስከ መፍላት ለማድረስ ከሚያስፈልገው ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። አንድ ትልቅ ዛፍ ደግሞ ውኃ ካገኘ በአንድ ቀን መቶ ሊትርና ከዚያም በላይ ሊያተንን ይችላል። ስለዚህ ዛፍ በሰፈር መካከል የቆመ፥ ቅጠል የለበሰ ትልቅ ገንቦ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

እዚህ ላይ ግን ሰው እንዳይሳሳት መለየት ይገባል። ፀሐይ የሚመታው መንገድና ግድግዳ፥ ጥላ ካረፈበት ጋር ሲነጻጸር፥ ከ11 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ልዩነት ሊኖረው እንደሚችል የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይናገራል። ይህ የድንጋዩ ትኩሳት ነው፤ የምንተነፍሰው አየር ልዩነት ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ፥ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በታች ነው። ደግሞም ውኃ ያጣ ዛፍ ቅጠሉን ጨፍኖ ላቡን ያቆማል፤ ጥላው ብቻ ይቀራል። ዛፍ ሁሉን ያደርጋል ብለው የሚሰብኩ ሰዎች ሲያጋንኑ እንሰማለን፤ ማጋነን ግን ኋላ የሚያሳፍር ነው።

ትንሹ ልዩነት ግን የሚናቅ አይደለም። ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2023 የወጣ ጥናት 93 የአውሮፓ ከተሞችን መርምሮ ነበር። በ2015 በጋ በእነዚህ ከተሞች ውስጥ ከ6,700 የሚበልጡ ሰዎች ያለ ጊዜያቸው የሞቱት ከተማው ከዙሪያው አገር ይልቅ በመሞቁ ምክንያት እንደ ሆነ ገምቶአል። የዛፍ ጥላ ከከተማው መሬት ከመቶው ሠላሳውን ቢሸፍን ኖሮ አየሩ በአማካይ 0.4 ዲግሪ ይቀንስ እንደ ነበረ፥ ከእነዚያም ሙታን ከሲሶ የሚበልጡት፥ ይኸውም ከ2,600 በላይ ሰዎች፥ ይተርፉ እንደ ነበረ አስልቶአል። ዐሥረኛውን የዲግሪ ክፍል የሚንቅ ሰው ቢኖር በነፍስ ይቍጠረው።

በአሜሪካም በ1930ዎቹ የመንግሥት የቤት ብድር ሹማምንት የየከተማውን ሰፈር በካርታ ላይ በቀለም ለይተው፥ ጥቁሮችና ድኾች የሚበዙበትን በቀይ አስምረው ብድር እንዳይደርሰው አድርገው ነበር። በ2020 የወጣ ጥናት 108 ከተሞችን ሲመረምር፥ ከመቶው በዘጠና አራቱ ያ የቀይ መስመር ሰፈር ዛሬም ከሌላው ይልቅ ይሞቃል፤ ልዩነቱም በአማካይ 2.6 ዲግሪ ነው። አንዱ ምክንያት የዛፍ ማነስ ነው። ከወገኖቻችን በዚያ አገር የሚኖሩ ይህን በዓይናቸው የሚያዩት ነው። እኛስ ዘንድ? ባለ ግቢው ሰው ዛፉን በአጥሩ ውስጥ ተክሎ ከጥላው ይቀመጣል፤ አንድ ክፍል ቤት ለስድስት ነፍስ የሆነበት ግን ዛፍ የሚተክልበት ስንዝር መሬት የለውም። የእርሱ ዛፍ ሊቆም የሚችለው በጋራው መሬት፥ በመንገዱ ዳር፥ በትምህርት ቤቱና በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ብቻ ነው። የጋራ ተከላ አስፈላጊነቱ ከዚህ ይመጣል።

በኮሎምቢያ አገር ሜዴሊን በምትባል ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2016 ጀምሮ በመንገዶችና በወንዞች ዳር ሠላሳ የአረንጓዴ መስመሮች ተተክለዋል፤ በእነዚህም መስመሮች ዙሪያ ሙቀቱ ወደ ሁለት ዲግሪ መቀነሱን ከተማው አስታውቆአል። እኛን ይልቅ የማረከን ሌላው ሥራቸው ነው፤ ከድኻ ሰፈር የወጡ ሰዎችን አትክልተኝነት አስተምረው፥ ደመወዝ ቈርጠው፥ የተተከለውን እንዲጠብቁ ማድረጋቸው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. ከቈረቈሩ በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት እየተቈረጠ በጥቂት ዓመት አለቀ። ንጉሠ ነገሥቱም የእንጨት ችግር ስለ ጸና በ1893 ዓ.ም. ገደማ መዲናቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ነገር ግን አስቀድሞ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ እየበቀለ ማገዶውንም ማገሩንም ስለ ሰጠ፥ ከተማይቱ ባለችበት ጸናች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ስለዚህ ባሕር ዛፍን አንነቅፍም፤ አዲስ አበባ ባለ ዕዳው ናት። ጥላ ግን አልተሰጠውም። ቅጠሉ ሲያድግ ጠርዙን ወደ ፀሐይ አድርጎ ቁልቁል ይንጠለጠላልና ብርሃኑ በመካከሉ ሾልኮ ይወርዳል፤ ከመሬት የሚስበውም ውኃ ብዙ ነው። ለማገዶ የተመረጠውን ዛፍ ለጥላ መትከል፥ በሬን ለጋማ ከብት ሥራ እንደ መጫን ነው።

ጥላ ምን እንደሚያደርግ ለማየት የሚሻ ሰው ድሬዳዋን ይጐብኝ። ይህች ከተማ የጅቡቲው ባቡር በደረሰበት በ1895 ዓ.ም. የተቈረቈረች ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ 1,200 ሜትር ገደማ ሲሆን፥ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ እስከ 35 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ከዝራ የሚባለው ሰፈር በዕቅድ ሲሠራ ጎዳናዎቹ ግራና ቀኝ ዛፍ ተተክሎላቸው ነበር። ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ ግን ሕዝቡ የበዛበት፥ መንገዱ የጠበበ፥ ዛፉም ያነሰ ነው። በቀትር ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው ያለ መለኪያ ልዩነቱን በራሱ ላይ ያውቀዋል። ከህንድ አገር የመጣው ኒም የሚባለው ዛፍ በዚያ ከተማ እጅግ ተወዶአል፤ ድርቅ ይችላል፥ ቅጠሉም ጥቅጥቅ ያለ ነው።

እኛ ካህናት ስለ ጥላ እንግዳ አይደለንም። ሰዓት በየሰዉ እጅ ሳይገባ፥ አባቶቻችን ጥላቸውን በጫማ እየሰፈሩ በዐቢይ ጾም የቅዳሴውን ጊዜ ይለዩ ነበር፤ እኛም በልጅነታችን በመምህራችን ታዝዘን ሰፍረናል። ጥላ የሰፈረ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። በአዲስ አበባ ሰማይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፥ በቀትር ከራስ በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። የነሐሴውን ደመና ይሸፍነዋል፤ የሚያዝያው ግን የሚከልለው የለም። በዚያን ሰሞን በስድስት ሰዓት ግድግዳ ጥላ የለውም፤ አጥርም የለውም፤ ሰው እንኳ የራሱን ጥላ በእግሩ ሥር ይረግጠዋል። ስለዚህ በእኛ አገር ጥላ ማለት ከላይ የተዘረጋ ነገር ነው። ቀጥ ብሎ የሚወጣ ቀጭን ዛፍ ለመንገድ ውበት ይሆን ይሆናል እንጂ ለዚህ አይረዳም፤ የሚያስፈልገው ክንዱን የሚዘረጋ፥ እንደ ዋንዛ ያለው ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ዐጸድ በዚህ ነገር ለዓለም የተመሰከረለት ነው። በደቡብ ጎንደር ዙሪያው ሁሉ እርሻ ሆኖ ሳለ፥ ጽዱና ወይራው፥ ጥቁር እንጨቱና ብሳናው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ተጠብቆ ቆይቶአል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ብዙ ዓመት መርምረው፥ ከብት እየገባ ቡቃያውን ስለሚረግጥና ስለሚግጥ ትልልቆቹ ዛፎች ተተኪ እያጡ መሆናቸውን አሳይተዋል። ከዚህ በኋላ በአንዳንድ አድባራት ካህናቱና ገበሬዎቹ ከየእርሻቸው ድንጋይ ለቅመው የደኑን ዙሪያ በካብ ዐጠሩት። እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፥ በካቡም ውስጥ ቡቃያው ተነሣ። በዚህ ሥራ አዲስ ዘር አልተዘራም፥ አዲስ ችግኝም ከሩቅ አልመጣም፤ የሚበላውን ከለከሉት፥ እርሱም በቀለ።

የገጠሩ እንዲህ ከሆነ የከተማው ቅጽር እንዴት ነው? አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት ደረስን።

በአንድ የከተማ ደብር ስናገለግል በዐውደ ምሕረቱ በስተ ምዕራብ ሦስት ወይራዎች ነበሩ። ማን እንደ ተከላቸው የሚያውቅ አልነበረም። የደብሩ ጉባኤ ግቢውን በንጣፍ ድንጋይ ለማስጌጥ ሲመክር፥ ሥራቸው ንጣፉን ያነሣዋል፥ ቅጠላቸውም ያቆሽሻል ተብሎ እንዲቈረጡ ተወሰነ። እኛ በዚያ ጉባኤ ተቀምጠን ነበር። ልባችን ቅር ብሎት ነበር፤ ነገር ግን ዝም አልን፥ በቃለ ጉባኤውም ላይ ፈረምን። በጥር ተቈረጡ፤ ግንዳቸውም ለከሰል ተሸጠ። ንጣፉ ሲያልቅ በእውነት ያማረ ነበር፥ የሚያመሰግነንም በዛ።

በሚያዝያ የዋለው የንግሥ በዓል ደረሰ። ታቦቱ ወጥቶ ዑደቱ ሲያልቅ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሕዝቡ እንደ ሥርዓቱ ጫማውን አውልቆ በንጣፉ ላይ ቆሞአል። ከቆምንበት ከፍታ ሆነን ስናይ ባልቴቶቹ አንዱን እግራቸውን አንሥተው ሌላውን ይጥላሉ፤ ልጆች ነጠላ አንጥፈው ይቆማሉ። እኛ ምንጣፍ ላይ ነበርን፥ ጃንጥላም ተይዞልን ነበር። ስብከቱ ረዘመ። ዘወትር ከወይራው ሥር ትቀመጥ የነበረች አንዲት አሮጊት መበለት በድንገት ወደቀች። ጐልማሶች ተሸክመው ወደ በሩ ዋሻ አስገቧት፥ ውኃም አፈሰሱባት፤ ነፍሷ ተመለሰች። ወደ እርሷ ስንቀርብ እጃችንን ያዘችና፥ «አባታችን፥ ጥላችንን ምን አደረጋችሁት?» አለችን። የምንመልሰው አልነበረንም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ለመካስ ተነሣን። ስድሳ ችግኝ አስመጣን፤ ሕዝቡም በብዛት ወጥቶ በአንድ ጠዋት ተክሎ ጨረሰው። ትምህርት ሰጠን፥ ፎቶግራፍ ተነሣን፥ ወደየቤታችንም ሄድን። ዝናቡ እስኪያልፍ ሁሉም ለመለመ። በኅዳር የጎረቤት ፍየሎች ገቡ። በጥምቀት ስንቈጥር ሃያ ቀርቶ ነበር፤ በተከታዩ ፋሲካ አራት። ከደረቁት አንዳንዶቹን ብንነቅል ሥራቸው ችግኙ በመጣበት ጥቁር ላስቲክ ውስጥ እንደ ተጠመጠመ ነበር፤ ላስቲኩን ሳይቀድ የተከለ ሰው ብዙ ነበርና። ከዚያ በኋላ በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን በአገሪቱ ሁሉ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ሲነገር ሰምተን፥ ሕዝቡ ለዚህ በመነሣቱ ደስ አለን፤ ከልባችን ግን ያ የስድሳው ነገር አልጠፋም። ችግኝ መቈጠር ያለበት በተተከለበት ቀን ሳይሆን በሦስተኛው ዓመት ሚያዝያ ነው ብለን እናምናለን።

በዚያን ሰሞን የትንቢተ ዮናስን አራተኛ ምዕራፍ ስንመለከት ከቀድሞው ልዩ ሆኖ ተሰማን። ነቢዩ ያልደከመባትና ያላሳደጋት ቅል በአንድ ሌሊት በቅላ ጥላ ሆነችው፤ ትል መታትና ደረቀች፤ እርሱም ፀሐይ በራሱ ላይ ሲበረታ ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር የወቀሰው በዚህ ነበር፤ ሳይደክምባት ላገኛት ቅል አዝኖ፥ ለሕዝበ ነነዌ አለማዘኑን። እኛ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆንን፤ ሌላው የደከመበትን ጥላ ቈርጠን፥ በአንድ ጠዋት እንደ ቅል የሚበቅል ሌላ ጥላ ፈለግን።

ሁለተኛ ስንጀምር ከችግኙ በፊት ውኃውን ቈጠርን። በሰፈሩ ያለው ዕድር ተጠርቶ፥ በበጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ባልዲ ውኃ ሊሰጥ የሚችል ስንት ቤት አለ ብለን ጠየቅን። ዐሥራ ስምንት ቤት ተገኘ፤ ስለዚህ የተተከለው ዐሥራ ስምንት ዛፍ ብቻ ነው። ዕድሩ ሃይማኖት የሚለይ አይደለምና ከዐሥራ ስምንቱ አራቱ የእስላም ቤቶች ነበሩ፤ ከቅጽሩ ውጭ በመንገዱ ዳር ያሉትን እነርሱ ተረከቡ። ጉድጓዱን በግንቦት፥ ዝናቡ ሳይገባ፥ ወርዱንም ጥልቀቱንም አንድ ክንድ ከስንዝር አድርገን ቈፈርን፤ የላዩን ዐፈር ለብቻ አኑረን ስንተክል ከሥሩ መለስነው። ላስቲኩን አንድ ዲያቆን እየዞረ በእጁ ቀደደ። በየዛፉ አጠገብ አንድ አሮጌ ገንቦ እስከ አፉ ተቀበረ፤ ውኃው በገንቦው ይሞላል፥ ከሸክላውም ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ይሰርጋል፥ ፀሐይ አያገኘውም። ይህ በብዙ አገር የታወቀ የጥንት ዘዴ ነው። ዙሪያውን በጭድ ሸፈንነው፥ በእሾህም ዐጠርነው። ሣሙና የበዛበት እጣቢ ብቻ እንዳይደፋ ተከለከለ።

የዛፉ ምርጫ ጥቂት አከራክሮናል። አንዳንዱ ጃካራንዳ ይተከል አለ፤ አበባው ያምራል፥ ነገር ግን ጥላ በሚፈለግበት በበጋ ቅጠሉን ያራግፋልና ተውነው። ሌላው ዋርካ አለ፤ ዋርካ የሜዳ ንጉሥ ነው፥ በጠባብ ሰፈር ግን ሥሩ ግድግዳ ይሰነጥቃል። በመጨረሻ ለመንገዱ ዳር ዋንዛ፥ ለቅጽሩ ውስጥ ዋንዛና ወይራ ተቀላቅሎ እንዲተከል ተስማማን፤ ዋንዛው ለእኛ ይደርሳል፥ ወይራው ለልጅ ልጆቻችን። የማኅሌቱ ከበሮ የሚጠረበው ከዋንዛ ስለ ሆነ አንድ መሪጌታ በዚህ ምርጫ እጅግ ደስ ብሎአቸዋል። የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚያልፍበት በኩል ምንም አልተከልንም፤ ተክሎ ዐሥር ዓመት አሳድጎ በመጋዝ ከማስቈረጥ አስቀድሞ መተው ይሻላል። ከየግንዱም ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ዐፈር ክፍት ቀርቶአል፤ ለዚህ ስንል ያን ያማረ ንጣፍ በስድስት ቦታ አስነሣነው። ገንዘብ ወጥቶበታልና ያልተደሰቱ ነበሩ፤ አሁንም አሉ።

ቅጠል ያቆሽሻል የሚለው ክርክር አልቀረም። እውነት ነው፥ ቅጠል ይረግፋል፤ መጥረጊያ ያስፈልጋል። ወፎችም ይመጣሉ። ከቅጽሩ ውጭ የሱቅ ኪራይ የሚያስገባ ቦታ በዛፍ ተያዘ የሚሉም ሰዎች ነበሩ፤ ይህ ከቅጠሉ ይልቅ የከበደ ክርክር ነው፥ ደብር ያለ ገቢ አይኖርምና። እኛ የመለስነው፥ ኪራዩ በወር ስንት ነው ብለን ጠይቀን፥ በበዓል ቀን በሙቀት የሚወድቀውን ሰው ማን ይሸከመዋል በማለት ነበር። መልሳችን ሁሉን አላሳመነም። ስለዚህ በሰሜን በኩል ሁለት ሱቆች ተሠሩ፥ በምዕራብ በኩል ግን መሬቱ ለዛፍ ተተወ።

አሁን ከተተከሉ አምስት ዓመት ሆኖአቸዋል። ከዐሥራ ስምንቱ ዐሥራ አራቱ አሉ፤ ሁለቱን መኪና ሰበራቸው፥ ሁለቱ ቤተ ሰቡ ከሰፈሩ በመነሣቱ ውኃ አጥተው ደረቁ። ወይራዎቹ ገና ከሰው ትከሻ አይበልጡም። ከዋንዛዎቹ አንዱ፥ በመንገዱ ዳር ያለው፥ የሱቁን ጣራ አልፎ ወጥቶአል፤ ባለ ሱቋ ጠዋት ጠዋት ወንበር ታወጣለች፥ ከቀትር በኋላም ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይቀመጡበታል። ያለፈው ሚያዝያ በሰባተኛው ቀን፥ ፀሐይ ከራስ በላይ በቆመች ጊዜ፥ መምህራችን እንዳስተማሩን ጫማ በጫማ እየረገጥን የዚያን ዋንዛ ጥላ ሰፈርነው። ከዳር እስከ ዳር ዐሥራ ዘጠኝ ጫማ ሆነ። በዐውደ ምሕረቱ በስተ ምዕራብ፥ ሦስቱ ወይራዎች በነበሩበት፥ ግን የተተከለው ገና ጨቅላ ስለ ሆነ የሰፈርነው ጥላ አራት ጫማ አልሞላም፤ በበዓሉም ቀን ለአሮጊቶቹ ዳስ ተጥሎ፥ ከሥሩም ሣር ተጐዝጕዞ ነበር። በዚህ ግንቦት በዚያው ወገን ስድስት ጉድጓድ ተቈፍሮአል፤ ዕድሩም ስድስት አዲስ ቤቶች መዝግቦ ስማቸውን ሰጥቶናል።